ሐጂ ቃሲም የነገሩኝ ዋጋ

ሐጂ ቃሲም ያን ዕለት በጨርቅ ሱቃቸው ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የነገሩኝ የቤት ዋጋ እውነት ነበር? ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ መመለስ አልቻልኩም። ዛሬ የምኖረውን ኑሮ ያስጀመረኝ ግን ያ ቁጥር ነው። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፤ በአደራ የተሰጠኝ ነው። ሳልጽፈውም ነገሩ ይገባችኋል።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ተወልጄ ያደግሁት ጎባ ነው። አባቴ ሲሞት ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ እናቴን ማገዝ ጀመርኩ። ወደ ትምህርት የተመለስኩት ሠላሳን ልይዝ ስል ነው፤ በማታው ክፍል የታናሽ ታናሾቼ ከሚሆኑ ልጆች ጋር ተቀምጬ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ። ከዚያ ዲፕሎማዬን ይዤ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ተቀጠርኩ። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ አመል አለው፤ ያልገባውን ነገር የገባው መስሎ ማለፍ አይሆንለትም። ለእያንዳንዱ ነገር ብዙ ከፍሎበታላ። ባልደረቦቼ "ብዙነሽ አራት ነጥቡን በዓይኗ ካላየች አታምንም" እያሉ ይስቁብኛል።

አላገባሁም። ታላቅ ወንድሜ ደረጀ ሻሸመኔ ወርዶ ሲነግድ፣ ትዳርም ሲይዝ፣ እኔ በአባታችን ቤት ከእናቴ ጋር ቀረሁ። ስትታመም ያስታመምኳት፣ መጨረሻም ዓይኗን የከደንኩላት እኔ ነኝ። ቤቱ ከእሷ ወዲያ ለሁለታችን እኩል ደረሰን።

የእናታችን ሙት ዓመት ባለፈ ማግስት ደረጀ ሽማግሌ ጠራ። የመጡት ሁለት ናቸው። አንዱ የአባቴ የዕድሜ ልክ ጓደኛ አቶ ጌታሁን፤ ሌላው ለረጅም ዘመን ጎረቤታችን የነበሩት፣ አስፋልት ዳር ያለውን ቤታቸውን ሸጠው ገበያው አጠገብ ሱቃቸው ጀርባ የገቡት ሐጂ ቃሲም። ጭጋጉ ከሳነቴ ተራራ በኩል እየተገፈፈ ስለነበር ፀሐይ ፍለጋ ግቢው ውስጥ ወንበር አወጣን።

"ክፉ ነገር በመሀላችሁ ሳይገባ እንጨርሰው" አሉ አቶ ጌታሁን። ከዚያ አንገታቸውን ቀና አድርገው ጣሪያውን በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። በእኛ ዘንድ የቆየ ልማድ ነው፤ ቤት የሚጠራው በቆርቆሮው ብዛት ነው። የእገሌ ቤት ባለ ሠላሳ ነው፣ የእገሌ ባለ ስድሳ ነው ይባላል። አባቴም ቤቱን ሲሠራ ስለ ግቢው ስፋት ለማንም አላወራም፤ የኮራው በጣሪያው ነው።

"ሰባ ሁለት" አሉ አቶ ጌታሁን።

"የጓዳውን ረሱት፣ ጋሽ ጌታሁን" አለ ደረጀ።

"የጓዳው ዝጓል። እኔ ዝገት አልቆጥርም።"

ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ የጥዱን ምሰሶ፣ በሩንና መስኮቱን ደመሩበት፤ አዲስ ቢሠራ ምን ያህል እንደሚፈጅ ተነጋገሩና ለእርጅናው ቀነሱለት። ደረጀ የወጣውን ሒሳብ ሰምቶ ትንሽ ጨመረበትና የቤቱን ዋጋ ተናገረ።

"የዚህን ግማሽ ለብዙዬ ልክፈልና ቤቱን እኔ ልውሰደው" አለ። "ካላነሰሽ በቀር።"

እኔ ዝምተኛ ነኝ። ሰው ፊት ስናገር ጆሮዬ ይግላል። ግን በልቤ አሰላሁት፤ በዚያ ግማሽ ጎባም ሆነ ሮቤ አንዲት ክፍል የሚሸጥልኝ አላገኝም። እሺ ካልኩ ዕድሜዬን ሙሉ ተከራይ መሆኔ ነው።

"ጋሼ፣ ይሄ ዋጋ ከየት መጣ?" አልኩት። ደረጀን ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ ነው የምለው።

"ሲቆጠር አጠገባችን አልነበርሽም እንዴ?"

"የተቆጠረው ቆርቆሮ ነው።"

"ጭቃ ቤት ነው፣ ብዙዬ። ያረጀ ጭቃ ቤት። ፎቅ አደረግሽው እኮ!"

ሐጂ ቃሲም እስከዚያ ድረስ መቁጠሪያቸውን ሲያንከባልሉ ነበር። "ያልገባትን እሺ ብላ ብትፈርም ነገ ክስ ነው" አሉ ሳይቸኩሉ። "እስከ እሑድ ታስብበት።"

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ ሮቤ ወረድኩ። የጎባ ሰው ቤት ሊሸጥ ሲያስብ ሮቤ ወርዶ ይጠይቃል፤ ደላሎቹ ያሉት እዚያ ነው። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለ ሻይ ቤት ከማል የሚባል ደላላ አሳዩኝ።

"አካም ጅርታ፣ ደህና ነሽ እህቴ! ገዢ ነሽ ሻጭ?"

"ጠያቂ ነኝ።"

"ጠያቂ ኮሚሽን አይከፍልም" ብሎ ሳቀ። ሻዩ በእኔ ነው ስለው ግን ወንበር ሳበልኝ። ባለ ሰባ ሁለት ቆርቆሮ ቤት ብዬ ስጀምር ሻዩ ትን አለው።

"ኧረ በአላህ! እናንተ ጎባዎች እስካሁን ቆርቆሮ ትቆጥራላችሁ? ገዢው እኮ ቤትሽን ያፈርሰዋል። ቆርቆሮውን ዶሮ ቤት ነው የሚሠራበት። ካርታ አለው?"

"አለው።"

"ግቢው ስንት ካሬ ነው? መኪና ያስገባል? ሜዳ ነው ተዳፋት? ውሃና መብራት የራሱ ነው ከጎረቤት የተሳበ?"

አንድ በአንድ መለስኩለት። ጣሪያውን ተመልሶ አልጠየቀኝም። በመጨረሻ ዋጋ ተናገረ፤ የወንድሜን አራት እጥፍ። ልሰማው የፈለግሁት ይህን ነበር። ግን ያ አመሌ ተነሳብኝ።

"በዚህ ዋጋ የተሸጠ የጎባ ቤት ታውቃለህ?"

"ይጠራበታል።"

"የተጠራበትን አይደለም። የተሸጠበትን።"

ብርጭቆውን አስቀመጠ። "እህቴ፣ መጥራትማ ማንም ይጠራል። እኔም ከፍ አድርጌ ካልጠራሁ ሻጭ አይመጣልኝም። የተሸጠበትን ሻጭና ገዢ ናቸው የሚያውቁት። ውሉ ላይ የሚጻፈውም ሁልጊዜ እሱ አይደለም።"

"አንተስ? አሻሽጠሃል አይደል?"

"እንጀራዬን ልትዘጊብኝ ነው እንዴ? ደላላ አፉን ከከፈተ ማን ያምነዋል?" ወደ ሌላ ደንበኛ እየተነሳ ዞር አለ። "የሸጠ ሰው ፈልጊ። ቤቱ ቤትሽን የሚመስል፣ ሳይቸገር የሸጠ። ተቸግሮ የሸጠ ሰው ዋጋ ያሳስትሻል።"

በመመለሻዬ ማዘጋጃ ቤት ገብቼም ነበር። እዚያ ያለው ግምት ለግብር እንጂ ለገበያ እንዳልሆነ ባለሙያው በትሕትና አስረዳኝ። ስለዚህ በእጄ ሦስት ዋጋ ነበር፤ የሽማግሌዎቹ ቤቱን ለመሥራት የሚፈጀው ነው፤ የደላላው ሻጭ የሚመኘው ነው፤ የማዘጋጃ ቤቱ መንግሥት ግብር የሚያሰላበት ነው። ሰው ከኪሱ አውጥቶ የከፈለውን የሚነግረኝ አንድም አልነበረም። ሚኒባሱ ወደ ጎባ ሽቅብ ሲወጣ በመስኮት የሮቤን የስንዴ ማሳ እያየሁ አንድ ቤት ብቻ በሐሳቤ መጣ፤ የሐጂ ቃሲም ቤት። ከእኛው ሰፈር ነው። የተሸጠው በቅርብ ነው። ሐጂም ሳይቸገሩ ነው የሸጡት፤ ሽማግሌ ሆንኩ፣ ትልቅ ቤት ምን ያደርግልኛል ብለው።

የአሱርን ሶላት ሰግደው እስኪመለሱ ጠብቄ ሱቃቸው ገባሁ።

"ነጋ ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ" ብለው ሰላም አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚጠሩኝ እንዲሁ ነው።

"ሐጂ፣ ቤትዎን ስንት ሸጡት?"

ጨርቅ የሚለኩበትን ሜትር ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። "እሱን ለሚስቴም አልነገርኩ።"

"ለምን?"

"ብዙ ነው ካልኳት ሐጅ ውሰደኝ ትላለች። ትንሽ ነው ካልኳት ተታለልክ ትላለች።"

"እኔ ሁለቱንም አልልም።"

ፈገግ አሉና ወዲያው ፊታቸውን ሰበሰቡ። "እኔ ሽማግሌያችሁ ነኝ፣ ብዙነሽ። ለአንዱ ወገን ሹክ ካልኩ ሽምግልናዬ ምኑ ላይ ነው?"

እውነታቸውን ነው። ልወጣ ዞርኩ፤ ግን እግሬ እምቢ አለኝ። "እንግዲያው እኔ ልናገር፣ እርስዎ ይስሙኝ" አልኩ። "የእርስዎ ቤት አስፋልት ዳር ነው፤ የእኛ አንድ ቅያስ ገባ ይላል። ይቀነስ። የእርስዎ መንገድ ዳር ሱቅ ነበረው፤ የእኛ የለውም። ይቀነስ። የእኛ ግቢ ከእርስዎ ይሰፋል፣ ሜዳም ነው። ይጨመር። እርስዎ ከሸጡ ወዲህ ዋጋ ሁሉ ወጥቷል። ይጨመር።"

"ቤቱስ?"

"ቤቱ ብዙም አይቆጠርም" አልኩ። "ገዢው ያፈርሰዋል።"

ይህን ስል እናቴ መስኮቱ ሥር ፀሐይ ስትሞቅ ታየችኝ። አባቴ መሰላል ላይ ሆኖ ሚስማር ሲመታ ታየኝ። የእነሱ ድካም በገበያው ፊት ምንም አልነበረም፤ ያን ያወቅሁት ገና ከአፌ ሲወጣ ነው።

ሐጂ ሜትሩን ወደ ጎን ገፉት። "በገዛ አፍሽ ካፈረስሽው ወዲያ ማንም አያታልልሽም" አሉ። ከዚያ ወደ በሩ ተመለከቱ፤ ባንኮኒው ላይ ጎንበስ አሉና ቁጥሩን ነገሩኝ። ወንድሜ ለእኛ ቤት ከተናገረው ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር።

"ለማንም" አሉኝ።

"ለማንም" አልኳቸው።

ከሱቁ ስወጣ የያዝኩት ነገር እጄን አሰረኝ። ደመርኩ፣ ቀነስኩ፤ የእኛ ቤት ከሐጂ ቤት ጥቂት ቢያንስ ነው እንጂ የወንድሜ ዋጋ አጠገቡም አይደርስም። ግን ይህን ለማን አሳያለሁ? ማስረጃዬ መሐላ ውስጥ ነው። የሐጂን ስም ሳላነሳ ደረጀን እንዴት አድርጌ እውነቱን አናግረዋለሁ?

መልሱ የመጣልኝ ከአባቴ ነው። አባቴ ከሲናና ገጠር ድረስ ለሽምግልና ይጠራ ነበር። ወንድማማቾች መሬት ሲካፈሉ አንድ ሥርዓት ነበረው፤ ታላቅ ይከፍላል፣ ታናሽ ይመርጣል። ከፋዩ የትኛው እንደሚደርሰው ስለማያውቅ አንዱን ወገን አያሳንስም። ልጅ ሳለሁ ይህን ሲያስረዳኝ ዳቦ በቢላ ለሁለት ከፍሎ "ምረጪ" ይለኝ ነበር። መሬት እንዲያ ከተካፈለ ዋጋስ?

ወደምቆጥብበት የቁጠባና ብድር ማኅበር ሄጄ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፤ የወንድሜን ዋጋ ግማሽ ለመክፈል ቁጠባዬ ላይ የሚጎድለውን ያበድሩኛል? ደመወዜን አዩ፣ ዋሴን ጠየቁ፣ እሺ አሉ። ዋጋውን ማሳነሱ ለእኔ አቅም እንደሚመች ወንድሜ አላሰበበትም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተሰበሰብን።

"እሺ ብዙዬ፣ ዋጋው አነሰ ባይ ነሽ" አለ ደረጀ። "ማስረጃሽስ?"

"ማስረጃ የለኝም። ጥያቄ ነው ያለኝ። ጋሼ፣ ያልከው ዋጋ ትክክል ነው?"

"ትክክል ነው።"

"ለገዢም ለሻጭም?"

"ዋጋ ዋጋ ነው እንግዲህ።"

ጆሮዬ ጋለ። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞርኩ። "አባታችን ሲያካፍል ታላቅ ይከፍላል፣ ታናሽ ይመርጣል ይል ነበር። ጋሼ ከፍሏል። እኔ መርጫለሁ። እሱ ባለው ዋጋ የእሱን ግማሽ እኔ እገዛለሁ።"

ደረጀ ሳቀ፤ ሳቁ ግን አላለቀለትም።

"በምን ገንዘብሽ?"

"በቁጠባዬና በማኅበሬ ብድር። እሺ ብለውኛል።"

አቶ ጌታሁን ራሳቸውን አከኩ። "ለቤት እንዲህ ተደርጎ ያውቃል እንዴ?"

"ለመሬት ተደርጓል፣ ለከብትም ተደርጓል" አሉ ሐጂ ቃሲም ዓይናቸውን ከመቁጠሪያው ሳያነሱ። "ቤት ከላም በምን ይበልጣል?"

"ቆይ፣ ቆይ" አለ ደረጀ። ፊቱ ተለዋወጠ። "እንደሱ አይሆንም። እኔ እኮ ለሰውዬው ቃል..." ብሎ አቋረጠው።

"የቱ ሰውዬ?" አሉ አቶ ጌታሁን።

ደረጀ መሬት መሬት አየ። "ጠይቆኝ ነው። ለእንግዳ ማረፊያ የሚሆን ግቢ የሚፈልግ ሰው አለ።"

"ኧረ ደረጀ! እኔን ሽማግሌውን አንገቴን አጣምሜ ቆርቆሮ ስታስቆጥረኝ ገዢው ኪስህ ውስጥ ነበር?"

"የእርስዎን ግምት ነው የደገምኩት፣ ጋሽ ጌታሁን። እኔ ምን ዋሸሁ?"

"ዝም በል! ታላቅ ከፍሏል፣ ታናሽ መርጣለች። አበቃ።"

እዚህ ላይ ማብቃት ይችል ነበር። ቤቱ የእኔ ነበር፤ መስኮቱም፣ መጻሕፍቶቼን የደረደርኩበት ግድግዳም። ሐጂን አየኋቸው፤ እሳቸው አላዩኝም። ደረጀን አየሁት፤ የልጅነት ፊቱ፣ ሲያጠፋ አባታችን ፊት የሚቆመው ደረጀ። ያን ዋጋ ሰባት ቀን ሙሉ ስህተት ነው ስል ከርሜ፣ ወደ እኔ ስላጋደለ ትክክል ነው ልበል? ይህን ይዤ መኖር አልችልም። አውቀዋለሁ ራሴን፤ በእያንዳንዱ ጠዋት ስነሳ እደምረዋለሁ።

"ጋሼ ዋጋውን አንድ ጊዜ ያስተካክለው" አልኩ። "አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ እመርጣለሁ።"

አቶ ጌታሁን "ሞኝ ነሽ" አሉኝ በግልጽ።

ደረጀ አሁን እንደ ከፋይ ነው የሚያስበው፤ ቢያሳንሰው እገዛዋለሁ፣ ቢያስበልጠው እሸጥለታለሁ። በመጨረሻ የተናገረው የመጀመሪያውን ዋጋ ሁለት እጥፍ ተኩል ነበር። በልቤ ያለውን ቁጥር ከጎኑ አስቀመጥኩ፤ ለቅያሱ ቀነስኩ፣ ለሱቁ ቀነስኩ፣ ለግቢው ጨመርኩ። እኔ ከደረስኩበት ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ስህተት ነው ለማለት ግን አያበቃም።

"ምረጪ" አሉኝ አቶ ጌታሁን።

ያን ያህል የሚያበድረኝ ማኅበር የለም። ቤቱን ቀና ብዬ አየሁት።

"እሸጣለሁ" አልኩ።

በድርሻዬ ሮቤ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ገዛሁ፤ ትንሽ ናት፣ ግን በስሜ ናት። ስገዛት የተሸጡ ሦስት ቤቶችን ገዢዎች ፈልጌ አነጋገርኩ፤ ሻጩ ስለ ጣሪያው ሲያወራ ሰማሁት እንጂ አልመለስኩለትም። ለሥራ በየቀኑ ጎባ እመላለሳለሁ። የአባቴ ቤት የፈረሰ ሰሞን ሄጄ አየሁት። ቆርቆሮው ጥግ ላይ ተከምሯል። ጠባቂውን አስፈቅጄ ቆጠርኩት። ጋሽ ጌታሁን በስድስት ተሳስተው ነበር። አጥሩን ተደግፌ ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስኩ።

ደረጀ ዓመት ያህል አኩርፎ ቆየ። ከዚያ አንድ ቀን በሬን አንኳኳ፤ ገና ሳይቀመጥ "ስንት ካሬ ነው?" አለኝ፤ ሁለታችንም ሳቅን።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ነገር ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ቤታችሁ ለእናንተ የያዘው ነገር አለ፤ የወለዳችሁበት፣ የቀበራችሁበት፣ የላባችሁበት። እሱን ገበያ አይከፍላችሁም፤ አይክፈላችሁም። ገበያ የሚከፍለው ሌላ ሰው እንዲያ ያለውን ቦታ ለማግኘት፣ ሳይገደድ፣ ከኪሱ የሚያወጣውን ነው። ሁለቱን ካልለያችሁ ወይ በእንባችሁ ታስወድዱታላችሁ፣ ወይ በቆርቆሮ ታረክሱታላችሁ። ደግሞ ማንም ዋጋ ሲጠራላችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፤ በዚሁ ዋጋ እኔ ከአንተ ልግዛው? ብትሉት ይሸጥላችኋል? ፊቱን ብቻ እዩ።

ሐጂ ቃሲም ባለፈው ዓመት አረፉ፤ አላህ ይማራቸው። እኔም ቃሌን ጠብቄ ቁጥሩን ለማንም ሳልናገር ቆየሁ። በቅርቡ ልጃቸው ዘይነባ ቤቴ መጣች። የአባታቸውን ሱቅ ከወንድሟ ጋር ሊካፈሉ ነው፤ ሰዎች "ብዙነሽን ጠይቂ" ብለዋት ነው የመጣችው። ስለ ታላቅና ታናሽ ስነግራት፣ አባቷ ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ያሉበት ከሰዓት መጣብኝ። እሳቸው የሉም። የሱቁ ዋጋ ግን ከዚያ ቁጥር ተነስቶ ሊሰላ ይችላል፤ የልጃቸው ድርሻም በዚያ ይወሰናል። ነገርኳት፤ ቁጥሩንም።

ዘይነባ አፏን በእጇ ያዘች። መጀመሪያ ያለቀሰች መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀች ነው።

"አባቴ ለእኔ እኮ የዚህን ግማሽ ነው ያለኝ! ያኔ ብር አበድረኝ ብዬው ነበር። ወንድሜ ደግሞ የራሱን ቦታ በርካሽ ሊሸጥ ሲል ከዚህም የሚበልጥ ነገረው። እሱም ሳይሸጥ ቀረ።" ዓይኗን ጠረገች። "ያ ረቢ! ለሁሉም የሚያስፈልገውን ነው የሰጠን። የማናችን ነው እውነቱ?"

"አላውቅም" አልኳት። ጫማዬን አደረግሁ። "ተነሺ፣ ሱቁን ሄደን እንየው።"